ጅራቱን የዋጠ ቋጠሮ

ወንድም ዓለም፣

እንዴት ሰነበትክ? መጀመሪያ ወገብህን ልጠይቅ፤ አንተን ብጠይቅህ «ደህና ነኝ» ማለትህ አይቀርም፣ ወገብህ ግን አይዋሽም። ሐኪሙ ሲሚንቶ ላይ በጀርባህ እንዳትተኛ ካለህ ወዲህ ያቺን ባለጎማ መንሸራተቻ ገዛህ ወይስ ዛሬም ካርቶን አንጥፈህ ነው መኪና ሥር የምትገባው? ባለቤትህ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ሁሉንም ሳምልኝ፤ አንገታቸውን አቅፈህ ሳምልኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ደህናም ብቻ አይደለሁ፣ ደስ ብሎኛል። ደስታዬ ደግሞ እንደምታውቀው በአፌ ነው የሚፈሰው፤ ደብዳቤው ቢረዝም አትቆጣ። ጋራዥ ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ «ዛሬ ምን በልተሽ ነው?» እያሉኝ ነው። ሁለቱም ዓይኖቼ አብጠው ጥርሴ ግን አይከደንም፤ እንዴት እንደሆነ እስከመጨረሻው ስታነበው ይገባሃል።

በስልክ ልነግርህ ነበር። ስልክ ላይ ግን አንተ ወሬዬን መሃሉ ላይ ቆርጠህ «ገባኝ፣ ገባኝ» ትላለህ፤ ወረቀት አይቆረጥም። ደግሞም ፖስታው ውስጥ ትንሽ ነገር አስቀምጬልሃለሁ። አሁን አትየው። ጨርሰህ አንብብና ከዚያ እየው፣ በእናታችን።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከመኪናዋ ልጀምር።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ሰኞ ጠዋት በራችን ላይ አንዲት ቀይ የስፖርት መኪና ቆመች። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ስንዝር የቀረው፣ ስትነሣ የምታጉረመርም። ቀለም ቀቢያችን፣ ታውቀዋለህ እኮ፣ ከራሱ እስከ ጫማው በስቱኮ ዱቄት ነጭ ስለሚሆን «ሙሽራው» የምንለው፣ ሁለቴ ዞራትና «ይቺን ተቀምጠው አይደለም ተኝተው ነው የሚነዷት፤ ሴትዮዋ ትራስ ይዛለች ወይ?» አለ። እውነትም ባለቤቷ ስትወጣ ከአልጋ እንደሚነሣ ሰው እየተንጠራራች ነው የወጣችው። ወጣት የጥርስ ሐኪም ናት፤ ሳቂታ። መኪናዋን ከአራት ወር በፊት እናንተ ከተማ ሄዳ ነው የገዛቻት። በሳምንት ሁለት ቀን ተራራው ላይ ያለ ክሊኒክ ትሠራለች፤ ያንን ጠመዝማዛ ትወጣለች፣ ያንኑ ትወርዳለች።

ችግሯን ስትነግረኝ መሪው አንዳንዴ ይከብዳል አለች። ሁልጊዜ አይደለም። ሳምንት ሙሉ እንደ ላባ ሲዞር ይሰነብትና አንድ ቀን መታጠፊያ ላይ «እጄ ላይ ድንጋይ ይሆናል» አለችኝ። ያችን ቃል ከዚህ በፊት ሰምቻታለሁ፣ ከማን እንደሆነም አውቃለሁ፤ ግን ሥራ ላይ ነኝና ወደ ጎን ገፋኋት። መብራቱስ ይበራል ወይ ብዬ ጠየቅኋት፤ መሪው ሲታመም የሚበራውን ማለቴ ነው። የለም። ቁልፍ ስትከፍት ከሌሎቹ ጋር ይበራል፣ ሞተሩ ሲነሣ እንደ ጨዋ ልጅ ይጠፋል። ሦስት ጋራዥ ዞራለች። አንዱ ጎማሽ ነው ብሎ አራቱንም አስቀየራት፣ ሁለተኛው መብራት ካልበራ ሕመም የለም ብሎ ሸኛት፣ ሦስተኛው ደግሞ፣ ጉድ እኮ ነው፣ «ክንድሽ ቀጭን ስለሆነ ነው» አላት። ይህን ስሰማ ተቃጠልኩ! አንተ አይደለህ «ፊውዝ» ብለህ ስም ያወጣህልኝ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ደንበኛው ሁሉ በሱ ነው የሚጠራኝ። ክንዴን አሳየኋትና «እህቴ፣ እኔ እነዳታለሁ፤ ድንጋይ ከሆነብኝ ክንድሽ ነጻ ወጣ ማለት ነው» አልኳት።

ለአንተ ማስረዳት ለቄስ መጽሐፍ እንደማስተማር ነው፤ ግን ደስ ስለሚለኝ ዝም ብለህ አንብብ። የዚች መሪ እንደ ድሮዎቹ በዘይት ግፊት አይደለም የሚቀለው፤ ዘንጉ ላይ የታሠረ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው የሚያግዘው። ሴንሰሩ የሰውየውን እጅ ጉልበት ይለካል፣ ኮምፒውተሩ ይሰማል፣ ሞተሩ ያግዛል። ያኔ ጀማሪ ሳለሁ «ሴንሰሩ ጆሮ ነው፣ ሞተሩ ክንድ ነው፣ ባትሪው ምሳ ነው፤ ክንዱን ከመክሰስሽ በፊት ምሳ መብላቱን ጠይቂ» ያልከኝን አልረሳሁትም። ምሳውን ጠየቅሁ። ባትሪው ጠግቧል። መኪናዋን አስነሥቼ፣ ቆማ ሳለች መሪውን ከዳር እስከ ዳር ሳዞረው ግን ሞተሩ ጋ የሚደርሰው ቮልት አሥራ ሁለት የነበረው ዘጠኝ ወረደ። ኔጌቲቩ ከመኪናው ገላ ጋር የሚታሠርበት ብሎን፣ ማሳው፣ በዝገት ተሸፍኗል። ፈታሁት፣ በሸካራ ወረቀት እስኪያብለጨልጭ ፈተግሁት፣ ጫፉን ቀየርኩ፣ አጥብቄ አሠርኩ። ቮልቱ ቀጥ አለ። እኔማ እስክስታ ልወርድ ምንም አልቀረኝ፤ ስልክ አንሥቼ ነይ ውሰጃት አልኳት።

ሐኪሟ መጣችና ከመግባቷ በፊት ምን አለችኝ መሰለህ? እሷ ሕመምተኛ የሚያሳያትን ጥርስ ወዲያው አትነቅልም። አንዳንዴ የታችኛው በስብሶ የላይኛው ነው የሚያመው። «እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ። አየህ፣ የተማረ ሰው እንደዚህ ነው። አፈርኩ። ነገ እንመልስልሻለን ብዬ ሸኘኋትና ሙሽራውን ከጎኔ አስቀምጬ ወደ ተራራው ወጣሁ።

ስንወጣ እንደ ላባ ነበር። ሙሽራው በየመንገዱ ዳር ለቆመ ሰው እጁን እያወዛወዘ ሰላምታ ይሰጣል፤ የራሱ መኪና መስላዋለች። ስንወርድ ግን ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ መሪው እጄ ላይ ሞተ። ወንድም ዓለም፣ ጊርቦክስ አቅፌ የምሸከም ሴት እንደሆንኩ ታውቃለህ። አልዞርም አለኝ። አይደለም፣ ዞረ፤ ግን ዘግይቶ ዞረ። ክንዴ ለላባ ነበር የተዘጋጀው፣ የመጣበት ድንጋይ ነው፤ ክንዴ «ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቆ መልሱን እስኪያገኝ መንገዱ አለቀ። የፊት ጎማው ቦዩ ጫፍ ላይ ቆመ። ሙሽራው ከዚያ ቀን በፊት ነጭ የነበረው በዱቄት ነበር፤ ያን ቀን ከውስጥ ነጣ። ትንፋሹ ሲመለስለት «ፊውዝዬ፣ ትራሱን ቅድም ነበር ማምጣት» አለኝ። እኔ ዳሽቦርዱን ነበር የማየው። የመሪው መብራት ድርግም ብሎ ጨልሟል።

እዚያ ቦይ ዳር ተቀምጬ አንድ ንግግር ትዝ አለኝ። ከስምንት ዓመት በፊት አንተ ለትራፊክ ፖሊሱ የነገርከው ነው፦ «ሞተሩ ቢሞት እንኳ መሪው በክንድ ይዞራል። አልዞረልኝም የሚል ሰው ወይ ተኝቷል ወይ ይዋሻል።» ምን ብሎ የሚከራከርህ ይኖራል? እውነት ነው፣ ይዞራል። ግን ክንድ አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ያ ትንሽ ብጫ መብራት የተሠራው ለዚሁ ነው። ለክንድ የሚላክ መልእክት ነው።

እንደ ኤሊ እየተሳብን ተመለስን። ስካነሩን ሰካሁ። የመኪናዋ ኮምፒውተር የሴንሰሩ ምልክት ሠላሳ አንድ ጊዜ እንደተቋረጠ መዝግቧል። ሠላሳ አንድ ጊዜ «ታምሜአለሁ» ብሎ ጮኋል፤ መብራቱ አንድ ጊዜም አልተነፈሰም። የመልእክተኛ አፍ ተይዟል ማለት ነው። እንግዲህ አፉን የያዘውን ለማየት ካቻቪቴ ይዤ ዳሽቦርዱን ፈታሁ።

የመሪው መብራት ሽቦ ከራሱ መስመር ተቆርጧል። ተቆርጦም ከጎረቤቱ፣ ከባትሪ ቻርጅ መብራት ሽቦ ጋር ተጋብቷል። ስለዚህ ቁልፍ ሲከፈት ሁለቱ አብረው ይበራሉ፣ ሞተሩ ሲነሣ አብረው ይጠፋሉ፤ የሚያይ ሰው «እሰይ፣ ይሠራል» ይላል። ይህን ብልሃት ድሮም ሰምቼዋለሁ፤ ሰነፍ መካኒክ ሁሉ ያውቀዋል። ሰነፍ መካኒክ ግን በቴፕ ነው የሚጠቀልለው። ይህኛው በሰም ክር ነበር የተጠቀለለው።

ፍራሽ መስፊያ ክር።

እስቲ አስታውሰኝ፤ እናታችን ፍራሽ ስትሰፋ እግሯ ሥር ተቀምጠን ስንት ክረምት ከረምን? ሰባት ዙር አጥብቆ መጠቅለል፣ ጫፉን በዙሩ ሥር ማሾለክ፣ ከዚያ በወዲያ በኩል ስቦ ጅራቱን ማስዋጥ። ጅራቱ የታየ ቋጠሮ የሰነፍ ነው ትል ነበር፤ ጅራቱን የዋጠ ቋጠሮ ግን ሰፊው ራሱ ካልፈታው አይፈታም። እኛ ሁለታችን ያንን ቋጠሮ ከፍራሽ ወደ ሽቦ አመጣነው። ቴፕ በሙቀት ይላጣል፣ ክር አይከዳም ያልከኝ አንተ ነህ። በዓለም ላይ ሦስት ሰዎች ነበርን የምናውቀው። አንዷ ካረፈች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ፤ እኔ ወደ ቀኝ ነው የምጠቀልለው። አንተ ግን ግራኝ ስለሆንክ፣ እናታችን በማበጠሪያ እጅህን ብትመታህም አልተውክም። ግራህን ይዘህ ቀረህ።

ቀዩዋ መኪና ውስጥ ያለው ሰባት ዙር ነው። ወደ ግራ።

ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት። ሙሽራው ከውጭ «ምን አገኘሽ?» ቢለኝ «ምንም፣ የድሮ ክር» አልኩት።

ሥራዬን ግን ጨረስኩ፤ ያን ታውቃለህ፣ የሰው መኪና ፈትቼ አልተውም። የመብራቱን ሽቦ ወደ ገዛ ቤቱ መለስኩት። ወዲያው ቦግ ብሎ በራ! እንደዚያ የሚያምር ብጫ አይቼ አላውቅም። የሴንሰሩን ሶኬት ስነቅለው አንዷ መርፌ ላልታ ኖሮ መንገዱ ቀና ሲሆን ትነካለች፣ መኪናዋ በተነቀነቀች ቁጥር ትለቃለች፤ ሠላሳ አንዱም ጩኸት ከሷ ነው። ሶኬቱን ቀየርኩ። ከዚያ የቀረው ሴንሰሩን ዜሮ ማስተማር ብቻ ነው። ጎማው ቀጥ ይላል፣ ማንም መሪውን ሳይነካ በስካነሩ ትእዛዝ ይሰጣል፣ መኪናዋም «ለካ ምንም እጅ የሌለበት እንዲህ ነው» ብላ ትይዘዋለች። የልጅ ሥራ ነው። እኔ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነበርና ግራ እጄን መሪው ላይ ጣል አድርጌ ተደግፌ ትእዛዙን ሰጠሁ። ሳስነሣት መሪው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። እለቀዋለሁ፣ ያዘነብላል። ሙሽራው ሳቀብኝ፦ «ፊውዝ፣ የእጅሽን ክብደት እኮ ነው ዜሮ ብለሽ ያስተማርሻት። ከእንግዲህ ቀጥ ያለው ሁሉ ጠማማ ይመስላታል።»

ሊቀልድ ነው። እኔ ግን መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ስምንት ዓመት፣ ወንድም ዓለም። የልጄ አባት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ ልጃችን ውስጥ እግሯን እየተቀደደች፣ «መሪው እጄ ላይ ድንጋይ ሆነ» ሲለኝ፣ እኔ የማን እጅ ተደግፎብኝ ነበር የሰማሁት? ልጃችንን ይዞ አደጋ ከደረሰበት ከዚያ ጉዞ አንድ ሳምንት በፊት የመሪው መብራት በርቶበት መኪናውን አንተ ዘንድ አመጣው። «ተሠርቷል» ብለህ መለስክለት። መብራቱም ጠፍቶ ነበር፤ ሁላችንም አየነው፣ አመሰገንንህ። ከአደጋው በኋላ የተጨፈለቀውን መኪና ያየኸው አንተ፣ ጤነኛ ነበር ብለህ የፈረምከው አንተ። እሱ አንድ ቀን ብቻ «ወንድምሽን ጠይቂው» ቢለኝ «ወንድሜን እንዳትነካብኝ!» ብዬ ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩበት። ሻንጣውን በር ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። በእጄ ነው ያስቀመጥኩት። ልጄም ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ «አባቴ ተኝቶ ጣለኝ» ስትል አድጋ አሥራ ሰባት ሞላት። ከዚያ ቀን ወዲህ እሱ በሚነዳው መኪና ውስጥ እግሯን አስገብታ አታውቅም።

ተነሣሁ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ትንፋሼንም ጭምር ያዝ አድርጌ፣ ዜሮውን እንደገና አስተማርኳት። ቀጥ አለች። በማግስቱ ተራራውን ሁለቴ ወጥቼ ሁለቴ ወረድኩ፤ እንደ ላባ። ሐኪሟ መጥታ የሆነውን ነገርኳትና አፏን ከፍታ ቀረች፣ የጥርስ ሐኪም አፍ ከፍቶ አይተህ አታውቅም። ማን እንዲህ እንዳደረገ ታውቂያለሽ ወይ አለችኝ። ድሮ የታሠረ ነገር ነው አልኳት። አቅፋ ሳመችኝ፤ «ክንዴ ነጻ ወጣ» አለች። ያን ቀን ደስ አለኝ እልሃለሁ፤ ሦስት ወንዶች ያቃታቸውን እኔ ፈታሁ። አሁንም ደስ ይለኛል። ሥራ ሲሠምር ሐዘን አይከለክለውም።

እሑድ የልጄ አባት ወደሚሠራበት የእንጨት መጋዘን ሄድኩ። አንተ ከተማ ከቀየርክ ወዲህ አታውቀውም፤ የመጋዘኑ ኃላፊ ሆኗል፣ ጸጉሩ በሙሉ ሸብቷል፣ ወይ ደግሞ የመጋዝ ዱቄት ነው። እንዴት ነህ እንኳ አላልኩትም። «ያ መኪና አለ?» አልኩት። ወደ ውስጥ መራኝ። ከጣውላው ክምር ጀርባ፣ ሸራ ለብሶ፣ እዚያው ቆሟል። ሸራውን ሦስት ጊዜ ቀይሮለታል። ሰዎች ይህን ቁርጥራጭ ለምን አትሸጠውም ይሉታል፤ እሱ አንድ ቀን የሚያይ ሰው ይመጣል ይላቸዋል። «አንቺ ትሆኛለሽ ብዬ ግን አላሰብኩም» አለኝ።

የእጅ ባትሪ ያዘልኝ፣ እኔ ፈታሁ። ብሎኖቹ ዝገዋል፣ አንዱ ተሰበረ። አንድ ነገር ልንገርህ፤ ዳሽቦርዱን እየሳብኩ ሳለሁ ጸለይኩ። እባክህ አምላኬ፣ ቴፕ አድርገው። የማንም ሰነፍ የጠቀለለው ቴፕ ይሁን አልኩ። ለልጄ አባት አልነበረም የለመንኩት። ለአንተ ነበር።

ያየሁትን አልጽፍልህም። እሱ ባትሪውን እንደያዘ እጄን አየ፣ ፊቴን አየ፣ መብራቱን አጠፋው። ብቻ «አሁን ሸራውን ጨርሼ ላንሣው?» አለኝ። አንሣው አልኩት።

አንተን አውቅሃለሁ እኮ። ክፉ አይደለህም። ሴንሰሩ ከውጭ እስኪመጣ ወር ይፈጃል ብለውህ ይሆናል፤ «እስከዚያ መብራቱ አያስጨንቃቸው፣ ለጉዞው ይደሰቱ፣ ሲመለሱ እቀይረዋለሁ» ብለህ ይሆናል። ይህን ሰባት ጊዜ አገላብጬ አስቤልሃለሁ፤ አንተ ሳትጠይቀኝ ይቅር ልልህም ዳር ዳር ብያለሁ። ሽቦውን እረሳዋለሁ። ምላስህን ግን የት ላድርገው? ፖሊሱ ፊት ስትቆም ታውቅ ነበር። እኔ ሻንጣ ሳወጣ ደረጃው ላይ ቆመህ ታውቅ ነበር። በዚያ ላይ ይኸው ከስንት ዓመት በኋላ፣ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ሰው መኪና ላይ ያንኑ ቋጠሮ። እሱ ነው የቆረጠኝ። አንዱን ስሕተት ብዬ ልቀብረው ስል ሁለተኛው ተነሥቶ ቆመ።

ደግሞ ጫማው። በየዓመቱ አንደኛው ሶል ከፍ ያለ ጫማ ታሠራላታለህ፤ ልኳን በክር ለክተህ ትወስዳለህ፣ ከእኔ እንኳ አስቀድመህ ስንት ሴንቲ እንዳደገች ታውቃለህ። «እንደ አጎቴ ማን አለ!» ትላለች። እኔም እንዲሁ ስል ነበር። ያቺን ጫማ ስትለካ ዓይንህ እንባ የሚያቀርረው ርኅሩኅ ስለሆንክ መስሎኝ።

አሁን ወደ ደስታዬ ልምጣ፤ አልረሳሁትም። ለልጄ ነገርኳት። ሁሉንም አይደለም፤ መሪው እውነትም ድንጋይ እንደሆነ፣ መብራቱ እንደታፈነ፣ አባቷ እንዳልተኛና እንዳልዋሸ ነገርኳት። ከዚያ ክፍሏ ገብታ ጫማዋን አድርጋ ወጣች፤ «የት ነው የሚሠራው?» አለችኝ። አባቷ የሚሠራበትን ቦታ አታውቅም ነበር፣ ይታይህ።

እሱ አሁን አንድ አሮጌ መኪና ይነዳል። ሞተር የሚያግዘው መሪ የላትም፣ ዘይትም የላትም፤ በክንድ ብቻ የምትዞር። ዓመታት ሙሉ እኔና ሙሽራው «ቋጣሪ፣ ደህና መኪና መግዛት እያቃተው» እያልን አሽሟጠንበታል። አሁን ነው የገባኝ። ልጄ መጋዘኑ ግቢ ውስጥ በሯን ከፍታ ከጎኑ ተቀመጠች። እሱ ቁልፉን ለመሰካት ሁለት ጊዜ ሳተ። በጣውላው መሃል ሦስት ጊዜ አዞራት፣ ከሚራመድ ሰው ቀስ ብሎ። ከዚያ «ልሞክረው?» አለችው፣ ቦታ ተለዋወጡ። መሪውን ጨምድዳ ይዛ፣ ምላሷን አውጥታ ስትታገል፣ «አባዬ! እንዴት ነው የሚከብደው!» ስትል እኔ የእንጨት ክምር ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። እሱ ምን አላት መሰለህ? «ይከብዳል። ግን ክብደቱን አይደብቅሽም።» ሳቀች፤ ወንድም ዓለም፣ ልጄ አባቷ ጎን ተቀምጣ ሳቀች። እኔም እየሳቅሁ አለቀስኩ። ዓይኔ ያበጠው በዚህ ነው፣ ጥርሴ ያልተከደነውም በዚሁ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ግን ጠየቀችኝ። ማን ነው ያን ሽቦ እንደዚያ ያሠረው አለችኝ። አንድ መካኒክ ነው አልኳት። «ታውቂዋለሽ?» አለችኝ። አውቀዋለሁ አልኳት። አባቷ ከፊት እየነዳ መንገዱን እንጂ እኔን አላየም፤ ስሙን እሱም ያውቀዋል፣ አላወጣውም። ስምንት ዓመት ስሙን ያጠፉበት ሰው የሌላውን ስም ለማጥፋት አልቸኮለም። እኔም አላወጣሁትም። ያ ስም የእኔ አይደለም፣ ባለቤቱ አለው።

ጫማዋ ጠቧታል። የምትለካበት ጊዜ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እንደ ወትሮው ክርህን ይዘህ ትመጣለህ ብዬ እጠብቅሃለሁ፤ በሬን አልዘጋም። ግን እግሯን ከመያዝህ በፊት ፊቷን አይተህ ንገራት። ካልመጣህም ይገባኛል፣ እሷም ይገባታል፤ ጫማ የሚሠራ ሰው እዚህም አለ። አንተ ራስህ ፊውዝ የሚቃጠለው ቤቱ እንዳይቃጠል ነው ትለኝ ነበር። እኔ የድርሻዬን ተቃጥያለሁ።

አሁን ፖስታውን ማየት ትችላለህ። ሁለት ቁራጭ ሽቦ ናቸው፣ ክራቸው እንዳለ ነው፤ በጥንቃቄ ነው የቆረጥኳቸው፣ አልፈታኋቸውም። ንጹሑ ከቀዩዋ መኪና ነው። የመጋዝ ዱቄት የለበሰው ከሌላው ነው። ጎን ለጎን አድርገህ ቁጠራቸው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ፤ የእናታችን ቋጠሮ ግን አንድ ዓይነት ነው፣ ከአዟዟሩ በቀር።

ወገብህን ይማርልህ። ልጆችህን ያሳድግልህ። አምላክ እጅህን ያቅናልህ፣ አንደበትህንም ይፍታልህ።

የእናትህ ልጅ